የፖልጌሪን የገመድ ጠባቂ

ላቭዴይ ግሬስ ትሬጌንዛ፣ ዕድሜ ሰማንያ አንድ።

ከአምስት ቤት በላይ ያለው መንደር ሁሉ፣ በየትም አገር ይሁን፣ ማንም ያልሾመው አንድ ሹም አያጣም። ይህ ሹም ደመወዝ የለውም፤ ማኅተም የለውም፤ ሥልጣኑ ከየት እንደመጣ ደፍሮ የጠየቀውም የለም። መኪና የት እንደሚቆም፣ ውሻ የት እንደማይገባ፣ ሐዘንተኛ ቤት ስንት ቀን እንደሚኬድ የሚወስነው እሱ ነው። መንግሥታት ይወድቃሉ፤ እሱ ሥራ ላይ ነው። በእኛ በፖልጌሪን ይህን ማዕረግ የያዙት ክብርት ሚስ ትሬጌንዛ ናቸው። ግዛታቸውም፣ በራሳቸው ትርጓሜ፣ በአውሮፓና በአሜሪካ መካከል የሚመላለሰው የሰው ልጅ ወሬ ነው።

አጋነንክ እንዳልባል በልክ ልናገር። የፖልጌሪን የባሕር ዳርቻ ከአለት እስከ አለት አራት መቶ ሠላሳ እርምጃ ነው። ከአሸዋው ሥር፣ በሰው ደረት ጥልቀት፣ ከሕፃን ክንድ የማይወፍር ገመድ ተቀብሯል። በገመዱ ውስጥ ከፀጉር የቀጠኑ የመስታወት ክሮች አሉ፤ በክሮቹ ውስጥ ብርሃን ይሮጣል፤ በብርሃኑ ላይ የባንክ ትእዛዝ፣ የፍቅር መልእክትና የድመት ፎቶግራፍ ውቅያኖስ ያቋርጣሉ። ገመዱ ከባሕር ይወጣል፤ በመኪና ማቆሚያው ሥር ያልፋል፤ ኮረብታው ላይ ካለው መስኮት አልባ ግራጫ ሕንፃ ይገባል። ወደዚያ ሕንፃ ሰው ሲገባም ሲወጣም አይታይም። ስለዚህ ኢንተርኔት የሚባለው ነገር በፖልጌሪን ፊት አለው ከተባለ፣ ፊቱ የሚስ ትሬጌንዛ ነው፤ ያውም የማይስቅ ፊት።

ሹመታቸው የተገኘው እንዲህ ነው። ሠላሳ ስምንት ዓመት የመንደሩን ፖስታ ቤት መርተው ቁልፉን ባስረከቡበት ሳምንት፣ ገመድ የምትዘረጋው መርከብ ከባሕረ ሰላጤው ገባች። ገመዱ በብርቱካናማ ተንሳፋፊዎች ታዝሎ ወደ ምድር ሲጎተት መንደሩ በሙሉ ሻይ በቴርሞስ ይዞ ወጣ። ሥራውን ይመራ የነበረው ወጣት፣ ከንጋት ጀምሮ ቀጥ ብለው የቆሙ አንዲት ሴት አየና ለወግ ያህል፣ «እንግዲህ እመቤቴ፣ እኛ ስንሄድ ዓይንዎን ጣል ያድርጉበት፤ አደራ» አላቸው።

«እስከ መቼ?» አሉት።

ወጣቱ ሳቀ። «እስከፈለጉት ድረስ።»

እሱ ቀልዶ ሄደ። እሳቸው ተሹመው ቀሩ። ይኸው ሃያ አንድ ዓመት ሆነ።

በማግስቱ፣ ከዚያም በየቀኑ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ፣ ታጣፊ ወንበርና የዳኛ ፊሽካ ይዘው ወረዱ። ቦታውን የያዙት በፖልጌሪን ሥርዓት ነው። እዚህ ማንም ሰው በባሕርም ሆነ በአሸዋ ላይ ያለን ነገር በቁጥር አስታውሶ አያውቅም፤ ሁለት ምልክት ያጋጥማል እንጂ። ወደ ምድር ዞሮ ሲያይ አንዱ ነገር በሌላው ላይ ልክ ሲያርፍ፣ መስመሩ ላይ ቆሟል ማለት ነው። አባቶቻችን ሎብስተር የሚባለውን ባለ መቆንጠጫ የባሕር እንስሳ የሚያጠምዱበትን አለት በዚህ ለልጆቻቸው አውርሰዋል። የሚስ ትሬጌንዛ ምልክቶች የጸሎት ቤቱ ጣሪያ ጫፍና ገደሉ ላይ የቆመው ነጭ የሰንደቅ ዓላማ ምሰሶ ነበሩ። ምሰሶው ከጣሪያው ጫፍ ጋር ሲገጥም ገመዱ ከእግርዎ ሥር ነው። «አሸዋ ይዋሻል፤ ምልክት አይዋሽም» ይላሉ። ክረምት በመጣ ቁጥር ማዕበሉ አሸዋውን ጠርጎ እንደ አዲስ ስለሚያነጥፈው፣ አባባሉ እውነት አለው።

ሕገ መንግሥታቸው አንድ አንቀጽ ብቻ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ከበርሚንግሃም የመጣ አንድ አባት ለልጆቹ በብረት አካፋ ጉድጓድ ሲቆፍር ነው።

«ጌታዬ፣ ጉድጓድዎ ከጉልበት አልፏል።»

«ይቅርታ፣ የባሕር ዳርቻው የእርስዎ ነው?»

«የባሕር ዳርቻው የዘውዱ ነው። ከሥሩ ያለው ግን አደራ ነው። ከጉልበት በታች መብት ነው፤ ከጉልበት በላይ ጉዳይ ነው።»

«ጉዳይ ነው ማለት ምን ማለት ነው?»

«ወንበሬን እዚህ እዘረጋለሁ ማለት ነው። እስኪሞሉት አልነሣም።»

ሰውየው ሞላው። ሲጨርስ ሚስ ትሬጌንዛ ከቅርጫታቸው ሳፍሮን በሚባል ቅመም ቢጫ የሆነ ዳቦ አውጥተው ለልጆቹ አከፋፈሉ፤ ለአባትየው ግን አልሰጡም። በሦስተኛው ቀን፣ ጨርሶ አካፋ ሳይነካ በመዋሉ፣ ለእሱም ሰጡት።

ዓሣ አጥማጁን ጆሪ ፔንበርቲን የማያውቅ የለም። ግንባሩ ሰፊ፣ ትዕግሥቱ ጠባብ ነው። አንድ ጠዋት ጀልባውን አቁሞ መረቡን ሊጠግን መልህቁን እንደጣለ ፊሽካው ሦስት ጊዜ ተነፋ።

«ጆሪ፣ መልህቅህን አንሣ።»

«አክስቴ ላቭዴይ፣ ገመዱ እኮ የተቀበረ ነው። ምንም አይሆንም።»

«አባትህም ጀልባዬ አትሰጥምም ይል ነበር። ሦስት ጊዜ ዋኝቶ ነው ቤቱ የገባው።»

«እሱ ሌላ ነው።»

«ከሥርህ ሰው እያወራ ነው፤ መልህቅ በሰው ወሬ ላይ አይጣልም። አንሣ።»

ጆሪ እያጉረመረመ አነሣ።

«ምን አልክ?»

«ደግ ሰው ነዎት አልኩ፣ አክስቴ።»

«ዋሽተሃል። ግን አንሥተሃል።»

በቤታቸው ኮምፒዩተር የለም። ይህም ኃላፊነታቸውን ከመወጣት አላገዳቸውም። በመጠጥ ቤቱ አንድ ሰው ኢንተርኔቱ ዛሬ ተንቀራፏል ብሎ ካማረረ፣ ወቀሳው የግል መሆኑን ተረድተው ከማዕዘናቸው ብርጭቆአቸውን ያስቀምጡና «በእኔ በኩል ሲያልፍ ደህና ነበር» ይላሉ።

አንድ ጊዜ፣ በገመዱ ውስጥ ምን እንደሚያልፍ ያውቁ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። የሒሳብ መምህር ሆኜ ሠላሳ አንድ ዓመት ስለሠራሁ፣ ሰው የማያውቀውን ነገር በእርግጠኝነት ሲናገር መታገሥ አልችልም፤ ላስረዳቸውም ተዘጋጅቼ ነበር።

«ደብዳቤ ነዋ» አሉኝ። «ሠላሳ ስምንት ዓመት የሰው ደብዳቤ ጠብቄአለሁ፤ አንዱንም ከፍቼ አላነበብኩም። የዚህን ውስጥ ለማወቅ አሁን ምን ያቻኩለኛል?»

ለማስረዳት ያዘጋጀሁትን ይዤ ተመለስኩ።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ አንድ ነገር መናዘዝ ግዴታዬ ነው። በዚህ መንደር ስሕተት አይቼ ዝም ብዬ አላውቅም። በጸሎት ቤቱ ሰሌዳ ላይ የመዝሙር ቁጥር ቢዛነፍ በአገልግሎቱ መካከል ተነሥቼ አስተካክላለሁ። የመጠጥ ቤቱን የምግብ ዝርዝር በቀይ አርሜ መልሼአለሁ። ዝም ያልኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም ስምንት ዓመት ፈጀ።

ከስምንት ዓመት በፊት በክረምት ሚስ ትሬጌንዛ በረዶ ላይ ወድቀው የዳሌ አጥንታቸው ተሰበረ። መጀመሪያ ትሩሮ ከተማ ሆስፒታል፣ ቀጥሎም እህታቸው ቤት፣ በድምሩ አምስት ወር ከመንደሩ ራቁ። በዚያው ክረምት ማዕበል ገደሉን ናደው፤ የሰንደቅ ዓላማው ምሰሶም በገደሉ አፋፍ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። የመንደሩ ምክር ቤት የሥራ ኮሚቴ ሰብሳቢ እኔ ነበርኩ። ምሰሶውን ሃያ እርምጃ ወደ ሰሜን አዛወርኩት። ከአጠገቡ የነበረውንም አግዳሚ ወንበር እንደ ቀድሞው በሦስት እርምጃ ርቀት፣ ፊቱን ወደ ነበረበት አቅጣጫ አድርጌ አስተከልኩ። የቀድሞው ቦታ ከገደሉ ጋር ወደ ባሕር ስለገባ፣ የሚመሳከርበት ነገር አልቀረም። ሲዛወር ያላየ ሰው የተንቀሳቀሰ ነገር መኖሩን ሊያውቅ አይችልም ነበር። ሥራዬ እንከን አልነበረበትም፤ ጥፋቱም እሱ ነው።

በግንቦት ሚስ ትሬጌንዛ በከዘራ ተመለሱ። አሸዋው ላይ ቆመው፣ የጣሪያው ጫፍና ምሰሶው እስኪጋጠሙ ድረስ ወደ ጎን ተራመዱ፤ ከዚያም ወንበራቸውን ዘረጉ። እኔ ከጆሪ ጋር የሎብስተር ወጥመዶቹ ዘንድ ቆሜ ነበር።

«መምህር፣ የት እንደተቀመጡ አዩ?» አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«አየሁ።»

«አርባ እርምጃ ይስታሉ።»

«አርባ ነው። ምሰሶው በጸሎት ቤቱና በአሸዋው እኩሌታ ላይ ስለቆመ፣ የእሱ ሃያ እዚህ እጥፍ ይሆናል።»

«እሱንማ አስተምረውኛል፤ ወድቄበታለሁ። ጥያቄው ማን ይንገራቸው ነው።»

«እኔ እነግራቸዋለሁ።»

«መቼ?»

«ዛሬ ከሰዓት በኋላ።»

ከሰዓት በኋላ ሄድኩ። ገና አፌን ሳልከፍት፣ «ሐኪሙ ለመራመድ ለምን እንደቸኮልኩ ጠየቀኝ» አሉኝ። «ሥራ ላይ ነኝ ብለው ሳቀ። እርስዎ ግን መምህር፣ ስቀውብኝ አያውቁም።» ከዚያም ወንበራቸውን በአንድ በኩል እንድይዝላቸው ጠየቁኝ። ያዝኩላቸው።

መንደሩ ምሥጢሩን የያዘው ያለ ስብሰባ ነው። ዓሣ አጥማጆቹ ለእውነተኛው ገመድ ለራሳቸው አዲስ ምልክት አበጁ፤ የሚስ ትሬጌንዛንም መስመር አከበሩ። ልጆች ከሁለቱም ርቀው መቆፈርን ከእናቶቻቸው ተማሩ። በዚህ አኳኋን ፖልጌሪን፣ ከሥሩ ምንም በሌለ አሸዋ ላይ በጥብቅ ሕግ መልህቅ የማይጣልባት መንደር ሆነች። አንድ ዓመት ሲያልፍ መናገር ከባድ ነበር፤ ሦስት ሲሞላ ነውር መሰለ፤ አምስተኛው ላይ ማሰቡንም ተውነው።

በዚህ የፀደይ ወቅት ግን ከገመዱ ኩባንያ ደብዳቤ መጣ። ሁለተኛ ገመድ ሊዘረጋ ነው፤ የመቆፈሪያ ማሽን አሸዋው ላይ ይወርዳል። ሚስ ትሬጌንዛ ለኩባንያው ወዲያውኑ ጻፉ፦ ከመቆፈራችሁ በፊት የመጀመሪያው የት እንዳለ እኔ አሳያችኋለሁ። ኩባንያውም በትሕትና፣ በደስታ፣ አንዲት መሐንዲስ እንልካለን ሲል መለሰ። ሐሙስ፣ ባሕሩ ሲሸሽ፣ ጠዋት አራት ሰዓት። መንደሩ ሁሉ ሊመጣ ነው። እሳቸውም አዲስ ባርኔጣ ገዙ።

እንግዲህ ሃያ አንድ ዓመት የተከበሩ ሴት በአደባባይ ሊዋረዱ ስድስት ቀን ቀራቸው። ጆሪ ቤቴ ድረስ መጣ።

«ምሰሶውን ወደ ቦታው እንመልሰው» አለ።

«ቦታው አሁን አየር ነው።»

«እንግዲያው መሐንዲሷን እንለምናት። እሺ እዚህ ነው ብላ ትለፋቸው።»

«እሳቸው ያሳዩአትን አምና ብትቆፍር እውነተኛውን ገመድ ትበጥሳለች። ጆሪ፣ ከውሸቱ ይልቅ እሱ ይገድላቸዋል።»

«ታዲያ ይንገሯቸዋ፣ መምህር። ሐሙስ አይጠብቁ።»

ረቡዕ ሄድኩ። ሚስ ትሬጌንዛ ጫፋቸው ቀይ የተቀባ ዐሥራ ሁለት የእንጨት ካስማዎች ጠረጴዛው ላይ ደርድረዋል። ሻይ ቀዱልኝ።

«ሚስ ትሬጌንዛ፣ ስለ ምሰሶው ነበር የመጣሁት...»

«አየሁት። ቀጥ ብሎ ቆሟል። ዘንድሮ ቀለም መቀባቱም ጥሩ ነው፤ ከሩቅ ይታያል።»

ሻዬን ጠጥቼ ወጣሁ። ወንድነቴ ይኸው ነበር።

ሐሙስ ጠዋት መሐንዲሷ፣ ሱኒቫ የምትባል ኖርዌያዊት፣ መጣች፤ በእጇ ገመድ በተቀበረበት ላይ ሲደርስ የሚጮኽ ረጅም መሣሪያ ይዛለች። ሚስ ትሬጌንዛ ጀርባቸውን ለባሕሩ ሰጡ፤ ምልክቶቻቸውን አጋጠሙ፤ የመጀመሪያውን ካስማ ተከሉ።

«እዚህ ነው። በሰው ደረት ጥልቀት።»

ሱኒቫ መሣሪያውን አሳለፈች። ዝም አለ። ደግማ አሳለፈች። ዝም። ቀና ብላ ባርኔጣውን አየች፤ ከዚያ እኛን። ደግ ልጅ መሆኗ በፊቷ ታየኝ፤ ነገሩን ያከበደውም ይኸው ነበር።

«ምናልባት መሣሪያዬ ይሆናል» አለች።

«መሣሪያሽ አዲስ ነው፤ አሮጊቷ እኔ ነኝ» አሉ ሚስ ትሬጌንዛ። «ወዲያ ሂጂና ሞክሪ።»

ወደ ደቡብ ተራመደች። እኔ እርምጃዋን መቁጠር አላስፈለገኝም። አርባኛው ላይ መሣሪያው ጮኸ።

ሚስ ትሬጌንዛ ሱኒቫ የቆመችበትን አዩ፤ ጸሎት ቤቱን አዩ፤ በመጨረሻ ምሰሶውን አዩ።

«ምሰሶው ተነቅሏል» አሉ። «መቼ ነው?»

«ስምንት ዓመቱ ነው» አልኩ። «እርስዎ ትሩሮ ሳሉ።»

«ማን ነቀለው?»

«እኔ ነኝ።»

«አግዳሚውንስ?»

«እሱንም እኔ።»

«በሦስት እርምጃ?»

«በሦስት እርምጃ።»

«ጥሩ ሥራ ነው» አሉ። በሕይወቴ ከዚህ የከፋ ምስጋና አልደረሰኝም።

ከዚያም ወደ ሕዝቡ ዞሩ። የሚያውቅ ማን እንደነበር አልጠየቁም፤ ሁሉም መሬት መሬት እያየ ነበርና። ዓይናቸው ጆሪ ላይ አረፈ።

«አንተ ስምንት ዓመት ሙሉ ፊሽካዬን ሰምተህ መልህቅህን ስታነሣ የኖርከው ከምን ላይ ነው?»

ጆሪ ኮፍያውን አወለቀ። «ከሁለቱም ነው አክስቴ። ከዚያም ከዚህም አነሣለሁ።»

«ለምን?»

«እዚያ ገመዱ አለ። እዚህ እርስዎ አሉ።»

ዕንባ የጠበቀ ካለ ሚስ ትሬጌንዛን አያውቅም። ካስማውን ነቀሉ፤ በከዘራቸው ሳይደገፉ አርባ እርምጃ ሄዱ፤ ከሱኒቫ እግር አጠገብ ተከሉት። «እዚህ ነው። በሰው ደረት ጥልቀት» አሉ፤ የቀሩትንም ዐሥራ አንድ እስከ ውኃው ድረስ፣ መሣሪያውን እያስከተሉ፣ አንድ በአንድ ተከሉ። ከዚያ ወንበራቸውን አጥፈው ወደ ቤት ወጡ።

ከዚያ ወዲህ ዘጠኝ ቀን አልወረዱም። ሁለተኛው ገመድ የመጀመሪያው ሳይነካ ገባ፤ ሱኒቫ ካስማዎቹ የተተከሉበትን መስመር ለአንድ ስንዝር እንኳ አልሳተችም። ነገር ግን አሸዋው ከጫፍ እስከ ጫፍ ባዶ ነው። ማንም ሰው የፈለገውን ያህል ይቆፍራል፤ ተከልካይ የለም። ቆፋሪዎቹም የደስታ መልክ አይታይባቸውም። ጆሪ መልህቁን ሲጥል ወደ ምድር ዞር ይልና ይጠብቃል፤ የሚነፋ ፊሽካ የለም፤ ራሱ አንሥቶ ይሄዳል። እኔም፣ በዚህ ዕድሜዬ ይህን መናገር ቢከብደኝም፣ የጠዋቱ አራት ሰዓት ከባድ ሰዓት ሆኖብኛል። ለካ ሃያ አንድ ዓመት በየቀኑ ወደዚያ የምወርደው የባሕር አየር ለመሳብ አልነበረም።

በየጠዋቱ በራቸውን አንኳኳሁ። ዛሬ፣ በዘጠነኛው ቀን፣ ከፈቱልኝ። እንድገባ ግን አልጋበዙኝም።

«መምህር» አሉኝ፣ «እርስዎ የመዝሙር ቁጥር ቢሳሳት የጌታን ጸሎት አቋርጠው የሚነሡ ሰው ነዎት። የሞኝ ስሕተት እንኳ አያልፉም። የእኔን ስምንት ዓመት ያለፉት አክብረውኝ ነው ወይስ ንቀውኝ?»

«ሚስ ትሬጌንዛ፣ እኔ...»

«አሁን አይመልሱ፤ አሁን የሚመልሱት ለማጽናናት ነው። ነገ በአራት ሰዓት ይምጡ። አንድ ቃል ይበቃኛል። እውነት ከሆነ ወንበሩን በአንድ በኩል ይይዙልኛል፤ ካልሆነ ራሴን መሸከም እችላለሁ።»

ማምሻውን ጠረጴዛዬ ላይ ሁለቱንም ቃላት ጎን ለጎን ጽፌ ተቀምጫለሁ። የሒሳብ ሰው ነኝና እንደ ሒሳብ ልፈታው ሞከርኩ። አክብሬአቸዋለሁ፤ ይህን ለማንም እምልለታለሁ። ነገር ግን እውነትን መሸከም አይችሉም ብዬ በእሳቸው ፈንታ የወሰንኩት እኔ ነኝ፤ ይህን ማድረግ ደግሞ ለሕፃን እንጂ ለእኩያ አይደረግም። ሁለቱም መልሶች ትክክል ሆነው ይወጡልኛል፤ እሳቸው የጠየቁኝ ግን አንድ ቃል ነው። አንባቢዬ፣ እርስዎም የሚወዱትን ሰው ስሕተት እያዩ ዝም ያሉበት ቀን አይጠፋም፤ ያ ዝምታዎ ከሁለቱ የትኛው ነበር?